ዝምታው ቀርቶ መንጣጣቱ ያልለቀቀው የኮምፒውተር ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤቴ፣ ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ኮምፒውተር ማታ ማታ ሬዲዮ በኢንተርኔት አዳምጣለሁ፤ ይሁንና ካለፈው ወር ጀምሮ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸግሮኛል። ዜና አንባቢዋ «የጤፍ ዋጋ በዚህ ሳም…» ብላ ዝም ትላለች፤ ስትመለስ ስፖርት ላይ ደርሳለች።

ጣቢያው የሚያስተላልፈው በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ሲሆን የመስመሬ ፍጥነት ሲለካ ከ4 ሜጋቢት ስለማይወርድ፣ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ለማለት አልደፈርኩም፤ በዚያው ዋይፋይ ስልኬ ያንኑ ጣቢያ ሳያቋርጥ ያሰማኛል። ራውተሩ ካለበት ሳሎን እስከ ኮምፒውተሩ ክፍል ያለው ግድግዳ፣ ለአገራችን ብርድ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ድንጋይ በመሆኑ፣ ኬብል ተውሼ በቀጥታ አገናኘሁት፤ መቋረጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ኋላ ጣቢያውን ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍቼ የኔትወርክ ማጠራቀሚያ ጊዜውን (ድምፁን ከማሰማቱ በፊት አስቀድሞ የሚያከማችበትን) ከ1000 ወደ 5000 ሚሊሴኮንድ ሳሳድገው ዝምታው ጨርሶ ቀረ።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ ብሮውዘር በከፈትኩ ቁጥር ድምፁ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ መዝሙር ሳጫውትም እንዲሁ ስለሚሆን፣ ይህኛው ከኢንተርኔቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰዓት የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና በሚያሳየው ታስክ ማናጀር ስመለከት ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ደርሶ አገኘዋለሁ፤ ራሙም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። የድምፁን ድራይቨር (የድምፅ ክፍሉን የሚያሠራውን ፕሮግራም) እንደገና ልጫን፣ የድምፅ ቅንብሩን ከ48000 ወደ 44100 ኸርዝ ልቀይር፣ ወይስ ራም መጨመሩ ይቀድማል? አንድ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «አዲስ ግዛ» ብሎኛል። የደረሰባችሁና መፍትሔ ያገኛችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ አለብኝ።