የአባቴን ቮልስ በግቢዬ ውስጥ ቀለም ልቀባ ነው፤ እስከ ላሜራው ልፋቀው ወይስ በነባሩ ላይ ልቀጥል? (ጅማ)

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳው

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች አንዲት ቮልስ አለችኝ። ሞተሯ ታድሶ ዛሬም አጋሮ ደርሳ ያለ ችግር ትመለሳለች፤ አካሏ ግን አያምርም። አሁን ያለባትን አረንጓዴ ቀለም ያስቀባው አባቴ ሲሆን፣ በአንድ ጋራዥ ከተሠራች በኋላ ሁለት ክረምት እንኳ ሳትጨርስ በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝና በበሮቹ ግርጌ ቀለሙ እንደ ፊኛ ያብጥ ጀመር። እብጠቱን በጥፍሬ ስሰብረው ዝገት ያቀላው ውሃ ጠብ ይላል። መኪናዋን ዳግም ለጋራዥ አሳልፌ መስጠት ስላልፈለግሁ፣ በዚህ በጋ በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ እጄ ልሠራት ቆርጫለሁ።

ብየዳ የሚችል ዘመድ አለኝ፤ 50 ሊትር የሚይዝ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰርም ተውሻለሁ። የጎደለኝ እውቀቱ ነው። ነባሩን ቀለም ሙሉ በሙሉ እስከ ላሜራው ድረስ ልፋቀው፣ ወይስ ያበጠውን ብቻ አንስቼ በቀረው ላይ ልቀጥል? ከቀለም ሻጮች አንዱ ኒትሮ፣ ሌላው ሲንተቲክ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሃርድነር (በማጠንከሪያ) የሚደባለቀውን ግዛ ይለኛል፤ ልዩነቱን ግን አንዳቸውም አላስረዱኝም። የከተማችንን እርጥበት እንዴት እንደምወጣውም ከሚያውቅ ሰው ብሰማ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የመንደራው ቀለም ቀቢ

ሥራውን በራስዎ እጅ ለመሥራት መቁረጥዎ መልካም ነው። እኔ በዚህ ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። የመኪናዎን በሽታ ሳያውቁት ራስዎ ነግረውናል፤ ከእብጠቱ ውስጥ ውሃ ከወጣ ጥፋቱ የላይኛው ቀለም ሳይሆን ከሥሩ ያለው ስቱኮ፣ ማለትም የላሜራ ጎድጓዳ የሚሞላበት ልጥፍ ነው። ስቱኮ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ቢጠነክርም ውስጡ ባለ ቀዳዳ በመሆኑ ውሃ ይጠጣል። አቧራውን ለመሸሽ ሲባል ስቱኮውን በውሃ እያሹ፣ በወጉ ሳይደርቅም ቀለም የሚደርቡበት ብዙዎች ናቸው፤ ያ ውሃ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈንና ላሜራውን ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ ስቱኮን በደረቅ ብቻ ያሹት፤ አቧራውንም በትዕግሥት ይቻሉት።

እስከ ላሜራው ይፋቅ ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ መልሱን ከእኔ ሳይሆን ከመኪናዋ ይጠይቁ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በመላ አካሏ ላይ ያዙሩት፤ አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ ላሜራው ቅርብ ነው፤ እየላላ የሚንሸራተትበት ወይም ጨርሶ የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ ወፍራም ስቱኮ አለ። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር ሊበልጥ አይገባም፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ጎድጓዳ በመዶሻ መቅናት አለበት እንጂ በስቱኮ መሞላት የለበትም። ቀጥሎ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በቲነር ነክረው ከነባሩ ቀለም ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙበት። ቀለሙ ሟሙቶ ወደ ጨርቁ ከተላለፈ ኒትሮ ነው፤ ከተጨማደደ ወይም ልስልስ ካለ ሲንተቲክ ነው፤ ምንም ካልሆነ በሃርድነር የተቀባ ወይም በፋብሪካ ምድጃ የተጋገረ ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ፈተና የወራት ልፋት ታተርፍልዎታለች፤ ምክንያቱም ኒትሮ የሚቀጥንበት ቲነር ኃይለኛ በመሆኑ፣ በሲንተቲክ ላይ ቢረጩት የሥረኛውን ቀለም እንደ ተቀቀለ ወተት ስልባቦት ያነሳዋል። በተቃራኒው ሲንተቲክ በኒትሮ ላይ ቢረጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል።

ላሜራው የወጣበትን ቦታ በምንም ምክንያት ሳይሸፍኑ አያሳድሩት። በጅማ ሌሊት ጤዛ፣ ማታ ብር የመሰለ ላሜራ ጠዋት ብርቱካንማ ሆኖ ይጠብቅዎታል። በአንድ ቀን አጽድተው ኢፖክሲ ፕራይመር (የሥረኛ ቀለም) ሊቀቡት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይፋቁ፤ ለምሳሌ ዛሬ አንድ በር፣ ነገ አንድ ፓራፋንጎ። ተራውን ቀዩን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ውሃ የማያሳልፈው ኢፖክሲው ነው። እኔ ስቱኮን ከኢፖክሲው በላይ እንጂ ከሥሩ አላደርግም፤ ከዚያም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቅርጹን አወጣለሁ፣ በ180 አለሰልሰዋለሁ፣ ወፍራሙን ፕራይመር ረጭቼ በ320 ካቀናሁ በኋላ፣ በመጨረሻ በ600 በውሃ አሸዋለሁ፤ በዚህ ደረጃ ስቱኮው ስለተሸፈነ ውሃው አይጎዳውም። ስቱኮውን ሲያቦኩ ሃርድነሩ በክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ይበቃዋል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብለው ካበዙት፣ ከወራት በኋላ በነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ወይም ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ማሻውን ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው እንጂ በጣትዎ ይዘው አይሹ፤ ጣት የራሱን ቦይ ይቆፍራል። የቮልስ አካል ደግሞ እንቁላል ነው፤ ጥፋትን የሚደብቅ ቀጥ ያለ መስመር የላትም። ዓይንዎን አይመኑ። መዳፍዎን በስስ ጨርቅ ሸፍነው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ ብለው ይዳስሷት፤ ያልታየው ሞገድ ሁሉ በመዳፍዎ ሥር ይነሳል።

ስለ ኮምፕሬሰሩ አንድ ነገር ልጨምር። 50 ሊትሩ ሙሉ መኪና በአንድ ጊዜ አያስረጭም፤ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኮምፕሬሰሩም ያንኑ ግፊት ለመሙላት ይበልጥ ይደክማል። ክፍል በክፍል ከሠሩ ግን በደንብ ይበቃዎታል። ውሃ ማጥለያውን ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ መግጠም የተለመደ ስሕተት ነው፤ እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያልፋል። 7 ወይም 8 ሜትር የብረት የውሃ ቱቦ ወደ ኮምፕሬሰሩ ዘመም አድርገው በግድግዳው ላይ ይዘርጉ፤ አየሩ በዚያ ይቀዘቅዛል፤ ማጥለያውን መጨረሻው ላይ፣ ከመርጫው ጎማ በፊት ይግጠሙ። የኮምፕሬሰሩንም ሆድ ጠዋት ጠዋት ያፍስሱ፤ የሚወጣውን ሲያዩ ይገረማሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለውን ይጠቀሙ። የሚረጩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይሁን፤ ጤዛው በቅጡ አይለቅም። ከ8 ሰዓት በኋላም ቢጀምሩ ቀለሙ ሳይደርቅ የማታው ቅዝቃዜ ይደርስበታል። በተለይ ኒትሮ በፍጥነት ሲተን ላሜራውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ገጹ ላይ ይቋጠርና ጉም የመሰለ ንጣት ይጥልበታል።

መልስ፦ እህተ ጤና

እኔ የቀለም ባለሙያ ሳልሆን ነርስ ነኝ፤ ስለ ሦስተኛው ሻጭ ምክር ብቻ ለመናገር እፈልጋለሁ። በሃርድነር የሚደባለቁት የላይ ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለባቸው። ሲረጭ የሚተነፈሰው ጉም አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ሽታው አያስጠነቅቅም። የአቧራ ጭምብል አይከላከለውም፤ ባለ ከሰል ማጣሪያውም ሲሞላ ምልክት ስለማይሰጥ፣ ሠራተኛው ንጹሕ አየር በቱቦ ከሌላ ቦታ እየመጣለት መሥራት ይኖርበታል። ይህ በሌለበት፣ በቀርከሃ አጥር ማዶ የጎረቤት ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ፣ ይህን ቀለም መርጨት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚፋቀው አሮጌ ቀለም ነው። በዚያ ዘመን በነበሩ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገኝ ነበር። ዱቄቱ መሬት ላይ ሲቀር ሕፃናት በእጃቸው ወደ አፋቸው ይወስዱታል። ስለዚህ ከሥር ሰፊ ላስቲክ ይነጠፍ፤ ነባሩ ቀለም በእርጥቡ ይታሽ፤ ዱቄቱ በኮምፕሬሰር አየር አይበተን፤ የሥራ ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ። ከላይ የጻፉት ወንድማችን ስለ ደረቅ ማሸት ያሉት ስቱኮውን የሚመለከት በመሆኑ፣ ከዚህ ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም።

መልስ፦ ባለ ላንድሮቨሩ

የእኔ መኪና አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ በዝገት አልተፈተንሁም፤ ነገር ግን ሁለት ቮልስ ሲፈታና ሲገጠም አግዤአለሁ። ከቀለም በፊት መታየት ያለበትን ማንም ስላላነሳው ልናገር።

የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው። ሳይፈቱ በስኮች ሸፍኖ መቀባት የሰነፍ ሥራ ነው፤ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ያለው ጎማ አፈርና ውሃ ይዞ የሚቆይበት ቦታ ስለሆነ፣ ዝገቱ እንደገና የሚጀምረው ከዚያው ነው። ብሎኖቹ ስለሚበጠሱ ከሳምንት በፊት ዘይት ያጠጧቸው፤ አዲስ ጎማም አስቀድመው ይፈልጉ። ከዚያ የኋላ ወንበሩን አንስተው ባትሪው የሚቀመጥበትን የቀኙን ወለል፣ እንዲሁም ከበሮቹ ሥር ያሉትን፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ጋቢና የሚያልፍባቸውን ቦዮች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ይንኩ። መፍቻው ከገባ ቀለሙ ይቆይና ዘመድዎ ብየዳውን ይጀምር። ሲበይድ ግን የቤንዚን ጋኑ ከፊት ኮፈኑ ሥር መሆኑን አይርሱ፤ ጋኑ ወጥቶ ከግቢው ይራቅ። ቀለም በሚረጭበት ሰዓትም የከሰል ምድጃ አይቀጣጠል። ጅማ ላይ ቡና ይቅር ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጎረቤት ሄደው ይጠጡ።

እስከ ላሜራው መፋቅን በተመለከተ ከቀለም ቀቢው የበለጠ ቆጣቢ ነኝ። ጣሪያው ላይ የፋብሪካው ቀለም ጸንቶ ከተገኘ ከማንኛውም ፕራይመር የተሻለ መሠረት ነው፤ አሽቶ ማደብዘዝ እንጂ ማንሳት አያስፈልግም። ቀለሙን ከመቀየርዎ በፊት ደግሞ ሊብሬው ላይ የሰፈረውን ይመልከቱ፤ ከዚያ የተለየ ከሆነ አስቀድመው ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜና እሑድ የተባለውን ሁሉ አደረግሁ። ማግኔቱ ጣሪያውን፣ ኮፈኑንና የበሮቹን የላይኛ ክፍል አጥብቆ ያዘ፤ በግራው የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ግን ወደቀ። በመሮ ስገልጠው የአውራ ጣቴን ያህል የወፈረ ስቱኮ ተነሳ፤ ከሥሩ ቀዳዳውን ለመድፈን የተለጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ ገና ይነበባል። አባቴ ለዚህ ከፍሎ መመለሱን ሳስብ በጣም አዘንሁ።

በቲነሩ ፈተና አረንጓዴው ተጨማደደ፤ ሲንተቲክ ነው ማለት ነው። ከሥሩ የወጣው ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ቀለም ግን ምንም አልሆነም። ከፊት ኮፈኑ ሥር ያለውን ወረቀት ሳጸዳው ኤል 87 ይላል፤ ይህም ፋብሪካው ዕንቁ ነጭ የሚለው ቀለም መሆኑን አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ፓራፋንጎዎቹንና የበሮቹን ግርጌ እስከ ላሜራው አጸዳለሁ፤ በቀረው ላይ አረንጓዴውን ብቻ አንስቼ ነጩን መሠረት አደርገዋለሁ። የእህታችንን ማስጠንቀቂያ ስለተቀበልሁ የምቀባው ሲንተቲክ ነጭ ነው። አራት ሊትር ይበቃኝ ይሆን? ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የመንደራው ቀለም ቀቢ

ውሳኔዎን ወድጄዋለሁ። ለውጭ አካሏ አንድ ጋሎን ይበቃል፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቅልቅል ይግዙ፤ በኋላ የሚጨመረው ነጭ ከፊተኛው ጋር አይመሳሰልም። ከመርጨትዎ በፊት ገጹን በላምባ ወይም በቤንዚን አይጥረጉ፤ ሁለቱም ቅባት ይተዋሉ። የጎማና የዳሽቦርድ ማንጸባረቂያ ግቢው ውስጥ ማንም እንዳይረጭ ያድርጉ፤ ሲሊኮኑ በነፋስ መጥቶ ካረፈ ቀለሙ ከነጥቡ ዙሪያ እየሸሸ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል።

መርጫውን ከገጹ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁ፤ እጅዎን ከትከሻ እንጂ ከአንጓ አያንቀሳቅሱ፤ እያንዳንዱ ጉዞ የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። ሁለተኛውን ድርብ የመጀመሪያው በጣት ሲነካ ገና በሚጣበቅበት ጊዜ ይርጩ፤ ካመለጠዎት ግን ለብዙ ቀናት እስኪጠነክር ይጠብቁ፤ በመካከል የተደረበ ሲንተቲክ ራሱን በራሱ ያጨማድዳል። ከባሕር ዛፍ ቋሚና ከላስቲክ ድንኳን ይሥሩ፤ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ከመርጨትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው በስሱ ውሃ ያርከፍክፉ፤ ኩሬ ግን አይሁን።

ሲንተቲክ ለሰዓታት ስለሚጣበቅ ዝንብ መውደቁ አይቀርም። ሲወድቅ ዝም ብለው ይዩት። በጣት አንስተውት ቦታውን የሚያበላሹት ሁሉም ጀማሪዎች ናቸው። ቀለሙ ከሳምንታት በኋላ ሲጠነክር አካሉ ራሱ ይረግፋል፤ የቀሩትን እግሮች በ1500 ቁጥር ወረቀት በሳሙና ውሃ አሽተው፣ በማንጸባረቂያ ፓስታ ይጨርሱት።

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳው

ገባኝ ጋሼ። የመጀመሪያውን ፓራፋንጎ ዛሬ ፈታሁ፤ ከአሥሩ ብሎን ሦስቱ ተበጥሰዋል።