ፕሮፖፎል ሌቭል ከአርተሪ ወይስ ከቬይን? ቁጥሮቹ ለምን አይገጥሙም?

የሴሚናር_ጣጣ፦
ሰላም ሰዎች፣ የአነስቴዥያ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ለሴሚናር ስለ ፕሮፖፎል (በደም ስር የሚሰጠው የማደንዘዣ መድሃኒት) ሳነብ ሁለት ጥናት አጋጠመኝ፣ ዶዙ ያው፣ በሽተኞቹም በእድሜም በኪሎም ተቀራራቢ፣ ግን ቦለስ (በአንዴ የሚገፋው ዶዝ) ከተሰጠ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ ደም ውስጥ የተለካው የመድሃኒቱ መጠን ጭራሽ አይገናኝም። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳይ አንዱ ደሙን ከራዲያል አርተሪ (የእጅ አንጓ ላይ ካለው) ነው የወሰደው ሌላኛው ከክንድ ቬይን። ደም ደም ነው አይደል እንዴ? በአንድ ደቂቃ ሰውነቱን ዞሮ የሚመጣ ነገር እንዴት እንዲህ ይለያያል? የቱን ልመን?

የሌሊት_ተረኛ፦
ሁለቱንም እመን ወንድሜ፣ ግን የሚነግሩህ የተለያየ ነገር ነው። በአማርኛ ስማቸውን ብቻ እይ፣ አርተሪ ደም ቅዳ፣ ቬይን ደም መልስ። ራዲያል ላይ ያለው ልብ የላከው ነው፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄደውም እሱው ነው። ከክንድ ቬይን የቀዳኸው ደግሞ ክንዱ የሚፈልገውን አስቀርቶ የመለሰው ነው። ፕሮፖፎል ስብ ይወዳል፣ በጡንቻና በቆዳ ሲያልፍ እዛው ይቀራል።
ገጠር ያደገ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፣ ደረቅ ማሳ ላይ ውሃ ስትለቅ ቦዩ መግቢያው ላይ ሞልቶ ይፈሳል መውጫው ላይ ግን ጠብ አይልም፣ መሬቱ እየጠጣው ነዋ። ማሳው ሲጠግብ የገባው ያህል ይወጣል። ከዛ ውሃውን ከላይ ስትዘጋው መግቢያው ይደርቃል፣ መውጫው ግን ገና ይንጠባጠባል። ኢንፊዩዥን (በፓምፕ ሳያቋርጥ የሚገባውን) ስታቆምም እንደዛው ነው፣ አሁን ቬይኑ ከአርተሪው ይበልጣል። አየህ፣ ተገላበጠ።

የሴሚናር_ጣጣ፦
ኧረ ቦዩ ገባኝ 😂 (አንቺ በሉኝ፣ ሴት ነኝ)። እና ማሳው ከጠገበ በኋላ ከየትም ብወስድ ችግር የለውም ማለት ነው?

ኪኔቲክስ_ወዳጅ፦
ለፕሮፖፎል ልዩነቱ በጣም ይጠባል፣ ለሬሚፈንታኒል (ቶሎ የሚጠፋ የህመም ማስታገሻ) ግን አይሰራም እህቴ። ሬሚን የሚሰባብሩት ኢስተሬዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ደም ውስጥም ቲሹ ውስጥም ስላሉ ክንዱ ላይ ሲያልፍ መሰበሩን አያቆምም፣ ስለዚህ ፓምፑ ሰዓታት ቢሰራም ቬይኑ ከአርተሪው እንዳነሰ ይቀራል፣ ይሄ ማሳ የሚጠግብ አይደለም። ቲዩብ ውስጥ ከገባም በኋላ መሰበሩ ይቀጥላል፣ ለዚህ ነው ወዲያው ሲትሪክ አሲድ የሚጨመርበት ወይ በረዶ ላይ የሚቀመጠው።
ሴሚናርሽ ላይ ግን ይቺን አትዝለያት። ቲሲአይ ፓምፖች (ደም ውስጥ የሚፈለገውን መጠን አስልተው መድሃኒት የሚሰጡት) ውስጥ ያሉት ሞዴሎች የተሰሩት ከእንዲህ አይነት ሳምፕል ነው። የ1998ቱ የሽኒደር ሞዴል 24 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ከአርተሪ በተወሰደ ደም ነው የተሰራው። ኤለቬልድ በ2018 ብዙ ጥናቶችን ሲያጣምር አርተሪና ቬይን ሳምፕልን ሞዴሉ ውስጥ ለያይቶ ነው ያስገባው፣ ባይለያይ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይበላሹበት ነበር። ቬይን ብቻ ይዘሽ ደሙን ከእንቅልፉ ጋ ልታዛምጂ ብትሞክሪማ በሽተኛው ጭልጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ምክንያቱም መድሃኒቱ ከክንድ ቬይን ቀድሞ አንጎል ነው የሚደርሰው።

ካኑላ_በሌሊት፦
እኔ ደሞ ከተግባር ልጨምር። ዲ5 (የስኳር ግሉኮስ) በሚንጠባጠብበት ክንድ ላይ ደም ቀድቶ ስኳሩ ሰማይ ነካ ያለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን 🙈 እዚህም ያው ነው። አንዴ ለጥናት ከሴንትራል ላይን (ትልቅ ቬይን ውስጥ ከሚገባው ቱቦ) ቀዳሁ፣ ፕሮፖፎሉ በዛው ቱቦ በሌላኛው ሉመን (ቀዳዳ) እየሄደ ነበር፣ አላቆምኩትም፣ መጀመሪያ የሚወጣውንም ደም በቅጡ አልጣልኩም። ውጤቱ ሲመጣ በዛ ቁጥር ሰው መተንፈስም አልነበረበትም፣ በሽተኛው ግን ያን ሰዓት አይኑን ገልጦ እያየኝ ነበር። ሳምፕሉ ተጣለ፣ እኔም የሚገባኝን ያህል ተሰደብኩ።
ስለዚህ መድሃኒቱ በግራ ከገባ ከቀኝ ቅጂ፣ ላይኑ ውስጥ የቆመውን ደም መጀመሪያ ሳቢና ጣዪ፣ ሰዓቱንም በሰከንድ ጻፊ፣ ኢንዳክሽን (ማስተኛው ሲጀመር) ላይ «በ2 ደቂቃ አካባቢ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሌላው፣ ፕሮፖፎል ግማሽ ያህሉ ቀይ የደም ሴል ላይ ስለሚጣበቅ ሙሉ ደም ነው ወይስ ፕላዝማ (ሴሎቹ የወጡለት የደም ፈሳሽ) የተለካው የሚለውን እዪ፣ ሁለቱ ጥናቶችሽ እዛም ላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

የሴሚናር_ጣጣ፦
አሁን ሄጄ አየሁ፣ እውነትም አንደኛው ፕላዝማ ነው 🤦🏾‍♀️ ሁለት ቀን ሙሉ ሳወዳድር የከረምኩት በከንቱ። አንድ የመጨረሻ፣ አርተሪ መውጋት ለጥናት ብቻ ከበድ ይላል፣ እጅን አሙቆ ከእጅ ጀርባ መቅዳት የሚባለው ነገር ይሰራል?

ኪኔቲክስ_ወዳጅ፦
በስኳርና ኢንሱሊን ጥናት የቆየ ዘዴ ነው። እጁ ሲሞቅ ደሙ ቶሎ ቶሎ ያልፋል፣ ቲሹው የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል፣ የእጅ ጀርባ ቬይን ወደ አርተሪ ይጠጋል። ረጋ ላለ ኢንፊዩዥን ይሞከራል፣ ለቦለስ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ግን እኔ አልተማመንበትም። ከየት እንደቀዳሽው ብቻ በግልጽ ጻፊው፣ «ደም ተወሰደ» ብለሽ እንዳታልፊ።