የሙሽሮቹን ስም ቪዲዮው ላይ ላወጣ ስል ሙሽሮቹ ይጠፉብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ጅማ፣ ሄርማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ውስጥ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ኤቴም ሚኒ (ካሜራዎችን የሚቀያይር ትንሽ መሣሪያ) አለኝ። ሁለቱ ካሜራዎች 1 እና 2 ላይ ገብተዋል፤ ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ 3 ላይ ነው። ስማቸውን ፓወርፖይንት ላይ በነጭ ጽፌ፣ መደቡን ጥቁር አድርጌዋለሁ። 3ን ስጫን ግን ሙሽሮቹ ይጠፉና ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። ቅዳሜ ሰርግ ስላለብኝ በጣም ጨንቆኛል።

መልስ (አጂፕ)
አይዞህ ወንድሜ፣ ገመድህ ልክ ነው። 3ን ስትጫን ካሜራውን ትተህ ወደ ላፕቶፕ ተሻገርክ ማለት ነው። አንተ የምትፈልገው መደረብ ነው፤ እሱ ደግሞ በ«ኪ» (አንዱን ምስል ቆርጦ ሌላው ላይ በሚደርበው) ነው የሚሠራው። ላፕቶፑን በዩኤስቢም አገናኘውና የኤቴምን ሶፍትዌር ክፈት። አፕስትሪም ኪ በሚለው ውስጥ ሉማን (ጥቁሩን ቆርጦ የሚጥለውን) ምረጥ። ፊል ሶርስንም (የሚደረበውን ምስል) ኪ ሶርስንም (የሚቆረጥበትን) 3 አድርጋቸው። ከዚያ ካሜራ 1 ላይ እንዳለህ የኪውን «ኦን ኤር» ተጫን። ጥቁሩ ይጠፋል፣ ነጩ ሙሽሮቹ ላይ ይቀመጣል።
አንድ ነገር አደራ፦ ዊንዶውስንና ፒን አንድ ላይ ተጭነህ «ኤክስቴንድ» (ሁለተኛ ስክሪን) በለው። «ዱፕሊኬት» (ያው ስክሪን) ላይ ከሆነ ማውስህ ሳይቀር ሰርጉ ላይ ይወጣል።

መልስ (ፈረንጅ አራዳ)
እሱ ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ፊደላችን ነው። ሉማ የሚቆርጠው በብርሃን መጠን ስለሆነ ቀጭን መስመር ይበላል። የላቲን ፊደል ብዙም አይጎዳም፤ የእኛ «ሏ» እና «ቷ» ግን እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ትጠፋና ስሙ ሌላ ይሆናል። የሰው ስም በሰርጉ ቀን ተበላሽቶ ሲወጣ ያሳዝናል። ስለዚህ ደማቅ ፊደል ተጠቀም፣ ጠቆር ያለ ቀለምና ጥላ አታድርግበት። ሶፍትዌሩ ላይ ፕሪ መልቲፕላይድ የሚለውን አጥፋና ክሊፑን (የመቁረጫውን መጠን) ቀስ እያልክ ቀንሰው። ባለ ጥቁር ሪባን ጽሑፍ ካማረህ ግን ሉማ አይሆንም። መደቡን አረንጓዴ አድርገህ በክሮማ (በቀለም በሚቆርጠው) ሂድ።
ጽሑፉን ከስክሪኑ ጠርዝ አርቀው፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ዳሩን ይቆርጣል።

መልስ (ጅረን)
የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራዎቹን በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሸተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/50 ሰከንድ አድርገው። አለበለዚያ የአዳራሹ መብራት ሊንቀጠቀጥብህ ይችላል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ሞከርኩት፣ ስማቸው ካሜራው ላይ ወጣ። «ሏ»ም ክሊፑን ስቀንሰው ተመለሰች። ቤተሰቡ «እንኳን ደስ አላችሁ» ከሚለው ጋር የኦሮምኛውን «በጋ ገመዳን» በቁቤ (በላቲን ፊደል) ይፈልጋሉ። አንድ ላይ ላድርጋቸው?

መልስ (ፈረንጅ አራዳ)
ሁለት ስላይድ አድርገው። አንድ ላይ ካጨቅካቸው ፊደሉ ያንስና ያው ችግር ይመለስብሃል።