ጥቆማ፦ ከታች ሮቶ ወደ ጣሪያ ታንከር የሚገፋ ፓምፕ (ድሬዳዋ)

እሙ ሐናን፦ ጀማው ሰላም። ሳቢያን ሰፈር ነን። በሩ ጋ መሬት ላይ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለ፣ ጣሪያ ላይ ባለ 1,000። ከፍታው 8 ሜትር ነው፤ ቧንቧው ግቢውን ዞሮ 33 ሜትር ይሆናል። በግማሽ ሰዓት አካባቢ እንዲሞላ ነው የምንፈልገው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ይበቃል ወይስ ባለ አንድ? የትስ ይሻላል?

የከዚራው፦ አንድ ፈረስ ግዢና ተገላገዪ። አሸዋ ገበያ መግቢያው ላይ ያለው ሱቅ ሂጂ፣ ሌላ ቦታ አትድከሚ።

ቧንቧው፦ አቦ፣ ፈረሱን ከመቁጠራችሁ በፊት ቧንቧዋን ጠይቋት። እሙ ሐናን፣ የተዘረጋው ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧው) ስንት ቁጥር ነው? ቁጥሩ በሚሊ የውጭ ስፋቱ ነው። 25 የሚባለው ወፍራሙ ዓይነት ውስጡ 17 ሚሊ አይሞላም፣ 32ቱ 21 ሚሊ ነው። በደቂቃ 30 ሊትር ሲያልፍ በ25ቱ ክርኖቹን (መታጠፊያዎቹን) ጨምሮ ውሃን 16 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚያወጣ ግፊት በፍትጊያ ይበላል፤ በ32ቱ 5 ሜትር ገደማ ብቻ። በ25ቱ ላይ 40 ሊትር ልግፋ ካልሽ ፍትጊያው ወደ 27 ሜትር ይዘላል። አንድ ፈረስ የሚጨምርልሽ ጉልበት እዚያው ቧንቧው ውስጥ ያልቃል። 32 ከሆነ ግን 8 ሲደመር 5፣ 13 ሜትር፤ ደህና ግማሽ ፈረስ ይወጣዋል። ሳጥኑ ላይ «40 ሜትር፣ 40 ሊትር» ሲል ሁለቱን አንድ ላይ ይሰጣል ማለት አይደለም። 40 ሜትር ላይ ጠብታ አይወጣም።

ተቃጠለብን፦ ግማሽ ፈረስ እንዳትገዢ! የኛ ተቃጥሎ ሲፈታ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ አልሙኒየም ሆኖ ተገኘ፣ መዳብ ነው ብለው ነበር የሸጡልን። ዋስትና ስንል «የመብራት ችግር ነው» ብለው መለሱን።

የከዚራው፦ የኔ ሱቅ እንዲህ አይሠራም።

ተቃጠለብን፦ የማንንም ሱቅ ስም አልጠራሁም፤ አንተን ምን አስደነገጠህ?

አቡ ያስር፦ እኛ ግቢ ቦቴ ነው የሚሞላልን፣ ፓምፕ ምን ያደርጋል?

ለገሃር፦ አቡ ያስር፣ ቦቴ ጣሪያ አይወጣም። ተቃጠለብን፣ ፓምፑ ከመቃጠሉ በፊት ሳይዞር «እም» ይል ነበር? እንዲያ ካለ ወይ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ደክሟል ወይ ኖራ ይዞታል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። ፔሪፈራል በሚባለው ትንሹ የቤት ፓምፕ ውስጥ በኢምፔለሩ (ውሃውን በሚገፋው ተሽከርካሪ) እና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ሳይሠራ ከከረመ ይጣበቃል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከኋላ በማራገቢያው በኩል ዘንጉን በእጅ አዙሩት። እምቢ ካለ ፓምፑን በአቼቶ ሞልታችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ በደንብ እጠቡት። እያጉረመረመ ሶኬት ላይ መተው ነው ጥቅሉን የሚያነደው።

የከዚራው፦ ስለዚህ ሴንትሪፉጋል የሚባለውን ዓይነት ፓምፕ ትግዛ፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ኖራና ጥቂት አሸዋም ከፔሪፈራሉ በተሻለ ይችላል። ከፍታው 8 ሜትር ከሆነ እሱ ይበቃታል። እኔ ያልኩት ሱቅም አለ።

ቧንቧው፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን በ32 ቧንቧ ነው። ሴንትሪፉጋል ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠባብ ቧንቧ ላይ ጥቅሙን አታይውም። ፓምፑን ከሮቶው መውጫ ዝቅ አድርገሽ አጠገቡ ትከዪው፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ይሞላዋል፣ ፉት ቫልቭ (መሳቢያው ጫፍ ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚይዘው) አያስፈልግሽም። መሳቢያ ቧንቧው ከፓምፑ አፍ አይጥበብ። መውጫው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ)፣ በሁለቱም በኩል ዩኒየን (ፓምፑን ለመፍታት የሚያመች ማያያዣ)፣ ታች ሮቶ ውስጥ ፍሎተር (ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ)። ፍሎተር ከሌለ ሮቶው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚበላሸው የፓምፑ ሲል (ዘንጉ ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው) ነው። በቆርቆሮ ሣጥን ዘግተሽ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው፤ ጥላና ነፋስ ይፈልጋል።

ለገሃር፦ ማታ ፓምፑ እየሠራ ቮልቴጁን በቴስተር ለኩት፣ ከ200 ቮልት ከወረደ አጥፉት።

አዲስ ገባ፦ ቀጥታ ከከተማው የውሃ መስመር ብንስብስ? ሮቶው ለምን ያስፈልጋል?

ቧንቧው፦ በጭራሽ! የጎረቤትን ውሃ ትወስዳለህ፣ መስመሩ የተሰነጠቀበት ካለም ቆሻሻውን ስበህ ታስገባለህ።

እሙ ሐናን፦ አላህ ይስጣችሁ ጀማው። የኛ ፒፒአር ላይ 25 ይላል። ግድግዳ ሳይፈርስ በውጭ በኩል 32 መዘርጋት ይቻላል? ፀሐይስ አይጎዳውም?

ተቃጠለብን፦ ከመግዛትሽ በፊት ጥቅሉ መዳብ መሆኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፊ።