ሰኔ ገብቷል፣ ዘሩ ተበልቷል፤ ምን ይዘራ?

ጠያቂ፦ ራያ ቆቦ ላይ ጦርነቱ ጎተራቸውን ያራቆተባቸው 400 አባወራዎች ለዘር ያስቀመጡትን በልተውታል። ሚያዝያ ላይ የሚዘራው ረጅሙ ማሽላ አምልጧቸዋል፤ አሁን ሰኔ አጋማሽ ነው። ለአንድ ቤት ለሁለት ጥማድ፣ ማለትም ለግማሽ ሄክታር ገደማ የሚሆን ዘር ልናድል አስበናል። ምርጥ ዘር ከሩቅ ይምጣ ወይስ ከገበያ ይገዛ?

የቆላ እርሻ፦ ከሩቅ የሚመጣው ማሽላው ብቻ ይሁን። ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ረጅሙ ነው፤ አሁን ከተዘራ ፍሬ ሳይሞላ ዝናቡ ይቆምና የሚታጨደው አገዳ ብቻ ይሆናል። ቶሎ የሚደርሱትን፣ ለምሳሌ መልካም ወይም ጎብዬ የተባሉትን ዝርያዎች ፈልጉ። አቀንጭራ፣ ማለትም የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም፣ ያለበት ማሳ ላይ ጎብዬ ይሻላል፣ አቀንጭራን ይቋቋማል። በሄክታር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይበቃል፤ ለሁለት ጥማድ 6 ኪሎ፣ ለ400ውም 24 ኩንታል ነው። አንድ አይሱዙ ይጭነዋል! በመስመር ከሆነ በመስመሮቹ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ይተው። ዘሩ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ካልደረሰ ግን አትጠብቁት፤ ጤፍና ማሾ ከዚያው ገበያ ግዙ። ውሃ የሚይዝ መረሬ (ጥቁር አፈር) ያለው ሰው ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሽምብራ ይዘራል።

ዘር ቆጣሪ፦ የገበያ እህል ሳይፈተን ለዘር አይከፈልበትም። ከኬሻው አፍ ብቻ አትዝገኑ፤ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ወስዳችሁ ቀላቅሉ። ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አራርቁ፣ ጠቅልሉ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አኑሩና ጠዋት ማታ ውሃ እርጩበት። ጨርቁ መርጠብ እንጂ ውሃ ማቆር የለበትም፣ ፍሬው ይበሰብስና ዘሩን በሐሰት ትጥላላችሁ። በ7ኛው ቀን ሥርም ቡቃያም ያወጣውን ብቻ ቁጠሩ። 85 እና በላይ ከሆነ ግዙ። 70 ከሆነ መጠኑ ይጨምራል፣ 10 ኪሎ የነበረው 12 ይሆናል። ከ60 በታች የሆነው ለዘር አይሆንም። ነቀዝ የበሳውንማ አትሞክሩት።

ጠያቂ፦ በሬ የሌላቸውስ?

የቆላ እርሻ፦ አንድ በሬ ያለው ከመሰሉ ጋር መቀናጆ ይግባ። ምንም ለሌለው የጥማድ በሬ ኪራይ በጥሬ ገንዘብ ስጡት፣ አለበለዚያ መሬቱን ምርቱን እኩል ለሚካፈለው ባለበሬ ይሰጥና ዘራችሁ የሌላ ሰው ምርት ይሆናል። ውጊያ የነበረበት ማሳ ደግሞ ያልፈነዳ ተተኳሽ እንደሌለበት ሳይረጋገጥ አይታረስ።

ዘር ቆጣሪ፦ አንድ ነገር ተረስቷል፦ ከዘሩ ጋር ቀለብ ይሰጥ፣ ያውም በዚያው ቀን። ልጅ የራበው ቤት 6 ኪሎ ማሽላ ሲገባ ቆሎ ይሆናል። የሚመጣው ዘር ቀለም ያለው መድኃኒት የተቀባ ከሆነ ደግሞ መርዝ ነው፤ ታጥቦም፣ ተቆልቶም አይበላም። ይህን ስታድሉ በቃል ንገሯቸው፣ ኬሻው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉም አያነበውም።