ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተቀዳ የድምፅ ድራማ ገደል ውስጥ የተወራ ይመስላል፤ አዲስ ማይክ እንግዛ?

ብሎክ_ሰባት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለቴሌግራም ቻናል የሚሆን ባለ 6 ክፍል ድራማ እያዘጋጀን ነው፤ አንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ነው። የምንቀዳው ኮዬ ፈጬ፣ 3 በ4 ሜትር በሆነች ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ያለን አንድ ኮንደንሰር (ጥቃቅን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ) ማይክ፣ ማይክን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ ባለ ሁለት መግቢያ ኢንተርፌስና ሪፐር የሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ ነው። ድምፁ ያስተጋባል፣ ከሥሩም «ዝዝዝ» የሚል ነገር አለ። ቀን የግንባታ ድምፅ፣ ሌሊት ውሻ። ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ደግሞ ማን እንደተናገረ አይለይም ተብለናል። የእንቁላል ካርቶን ልንለጥፍ ነው፤ ወይስ ዳይናሚክ የሚባለውን፣ ራቅ ያለ ድምፅ ብዙም አይይዝም የሚሉትን ማይክ ብንገዛ ይሻላል?

ጋቢና_ፍራሽ፦
ምንም አትግዙ። ዳይናሚክ ማይክ ክፍሉን የማይሰማ የሚመስለው በጣም ተጠግተን ስለምንናገርበት ነው፤ ያላችሁንም ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር ብታደርጉት ግማሹ ችግር ይቃለላል። የእንቁላል ካርቶኑን እርሱት። ስስ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ክፍሉን የሚያስጮኸውን ወፍራሙን አይነካም። እሳትም ቶሎ ይይዘዋል።

ማስተጋባቱን የሚውጠው ፍራሽና ብርድ ልብስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ግን የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ማይካችሁ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን የሚወስድ ዓይነት ከሆነ የሚሰማው ከተዋናዩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ፍራሹ የሚቆመው ከማይኩ ኋላ ሳይሆን ከተዋናዩ ጀርባ ነው። ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ በማዕዘን አቁሙና ተዋናዩ ጀርባውን ሰጥቷቸው ይቁም። ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከሆነ ደራርቡት፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ። ስክሪፕቱን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ድምፅ ከጠረጴዛው ነጥሮ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

«ዝዝዝ» ያላችሁት አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፕ ቻርጀር ነው። ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ። ከጠፋ ምንጩ የቻርጀሩ መስመር ነበር ማለት ነው። ካልጠፋ የማይኩን ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስኪዱት፤ የግድ ከተገናኙ እንደ መስቀል ይተላለፉ። ፍሪጅም ይጥፋ።

ለውሻና ለግንባታው አንድ ስልክ ክፍሉ ውስጥ 24 ሰዓት ሙሉ እየቀዳ ይደር፤ ከዚያ ፋይሉን ከፍታችሁ ሞገዱ የሳሳበትን ሰዓት በዓይን ፈልጉ። በሥራ ቀንና በእሁድ ውጤቱ ይለያያል። ፍልሰታን፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 16 ያለውን፣ ለቀረጻ ባታስቡት ይሻላል። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያው አለ፣ ዝናቡም አለ።

ተራኪ_አልፈልግም፦
የሁለቱ ሴቶች ነገር የማይክ ጉዳይ አይደለም፣ የጽሑፍ ነው። በድምፅ ድራማ ውስጥ ድምፁ ያልተሰማ ሰው እዚያ እንደሌለ ይቆጠራል። አራት ሰው ያለበት ትዕይንት ላይ አንዱ ለግማሽ ደቂቃ ዝም ካለ አድማጭ ወጥቷል ብሎ ያስባል፤ ሳል፣ ሲኒ ማስቀመጥ፣ «እህ» ማለት ያስፈልገዋል።

አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ ቸር ነው። «ነይ»፣ «ና»፣ «ይምጡ» ስትል ስም ሳትጠራ ፆታንም ክብርንም ተናግረሃል። ወንድና ሴት ሲነጋገሩ ግሱ ብቻውን ይበቃል። ሁለት ሴቶች ግን ሁለቱም «አንቺ» ከተባባሉ አድማጭ የሚይዘው ነገር ያጣል። አንዷ ሌላዋን «እትዬ» እያለች በ«እርስዎ» ብታናግራት፣ ወይም አንዷ ቶሎ ቶሎ የምትቆርጥ፣ ሌላዋ ዓረፍተ ነገሯን የማትጨርስ ብትሆን ይለያሉ። ተዋናይ ስትመርጡም ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ቆንጆ ድምፅ ሳይሆን የተለያየ ድምፅ ነው የሚፈለገው። እያንዳንዱ ትዕይንት በተከፈተ በሦስት ወይም በአራት ንግግር ውስጥ ቦታውና ሰዎቹ መታወቅ አለባቸው።

«ይህ በእጄ የያዝኩት ቀይ ደብዳቤ» ዓይነት ንግግር ካለ ሰርዙት። ሰው እንዲህ አያወራም። «ማኅተሙን አየሽው?» ሲባል ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ደብዳቤው ታይቷል።

ለርዝመቱ፣ 15 ደቂቃ ውይይት ከ1200 እስከ 1500 ቃል ገደማ ነው። በወረቀት ቁጥር አትመኑ፤ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ በሰዓት ለኩ።

አክንባሎ፦
ከላይ የተባለውን እደግፋለሁ፤ የድምፅ ማጀቢያው ስለተረሳ ልጨምር። እውነተኛው ድምፅ ሁልጊዜ እውነት አይመስልም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀዳ ዝናብ ዘይት የሚጠበስ ወይም ጣቢያ የጠፋበት ሬዲዮ ይመስላል። ዝናብ የሚሆነው ከአሸንዳ ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠብ ሲጨመርበት ነው። መጀመሪያ ጎላ ይበል፣ ሰው ሲናገር ዝቅ ይበል፤ አድማጭ እየዘነበ መሆኑን አይረሳም። እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ድምፅ የለውም፣ የአክንባሎው መከደን ግን አለው። ቡና ሲቀዳ ሲኒው በሞላ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ስለዚህ ግማሹን ቆርጣችሁ አትድገሙት፣ ያስታውቃል። ለኮረት መንገድ ትሪ ላይ ጠጠር አድርጋችሁ በእጅ የተያዘ ጫማ ርገጡበት። የእሳት ድምፅ የሚወጣው የብስኩት ላስቲክ ቀስ ብሎ ሲጨበጥ ነው።

ነጎድጓድ ሲሆን ተጠንቀቁ። አድማጫችሁ በስልክ ድምፅ ማጉያ ነው የሚሰማው፤ እሱ ደግሞ ወፍራሙን ጉርምርምታ አያወጣም። መጀመሪያ ላይ የሚሰነጠቀው «ቷ!» ከሌለበት በስልክ ዝም ያለ ቦታ ይሆናል።

ብሎክ_ሰባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ተዋንያኑን አንድ ላይ እንቅዳ ወይስ ለየብቻ? ደግሞስ ጌይን (ማይኩ የሚቀበለው ድምፅ የሚጎላበት መጠን) ስንት ላይ?

ጋቢና_ፍራሽ፦
ለየብቻ። መቁረጥ ይቀላል፣ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም አይደግምም።

ተራኪ_አልፈልግም፦
አልስማማም። ለየብቻ የተቀዳ ጠብ ሁለት ሰዎች ግጥም የሚያነቡ ይመስላል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቅዱ፤ መቋረጥ ያለበትን ቃል ግን ጽፋችሁ ስጧቸው። ሁለተኛ ማይክ ብትዋሱ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ከአፍ እስከ ማይክ ካለው ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን። 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 60 ማለት ነው። ካልሆነ ያው ድምፅ ሁለቱም ውስጥ ገብቶ ባዶ ቱቦ ይመስላል።

አክንባሎ፦
የሪፐር የቅጂ ጥራት 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ ተራ ንግግር በመለኪያው ላይ ከፍተኛው −12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ለጩኸት ጌይን አትንኩ፣ ተዋናዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበልና ፊቱን ትንሽ ያዙር። «ፐ»ና «ፈ» ትንፋሽ ስለሚያስወጡ ማይኩን ከአፍ ፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» ደግሞ ትንፋሽ ሳይሆን ሹል ምት ነው የሚያወጡት፤ ኮምፕረሰሩን (የጎላውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ) ሳያስፈልግ የሚያስነሱት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ አታጥብቁት።

ተዋንያኑ ሳይበተኑ የክፍሉን ዝምታ 1 ደቂቃ ቅዱ። በንግግር መካከል የቆረጣችሁበትን የምትሞሉት በዚያ ነው፤ ፍጹም ባዶ ከተዋችሁት ስልክ የተዘጋ ይመስላል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ኖይዝ ሪዳክሽን (የጀርባ ጫጫታ መቀነሻው) ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሰዉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ያወራል። ሲያልቅ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል)፣ አማካይ ጉልህነቱ −19 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ)፣ ጫፉ ከ−1 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ኤምፒስሪ በ64 ኪሎቢት 15 ደቂቃው 7 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በዳታ ለሚያወርድ ሰው ከዚህ ባይበዛ ጥሩ ነው።