ልጄ ሰምቼው የማላውቀውን ትንሽ ኮሌጅ መርጣለች፤ ምን ትሉኛላችሁ?

የ11ኛ ክፍል እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 11ኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ውጤቷ ጥሩ ነው። ግን ዝምተኛ ናት፣ እጇን አውጥታ የምትጠይቅ ዓይነት አይደለችም። የሚያውቃት አስተማሪ ካገኘች ደግሞ ወሬዋ አያልቅም።

እኛ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ብለን ጨርሰን ነበር። ቅርብ ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ ስለሆንን ክፍያውም ቀለል ይላል። ባለፈው እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ «ማሚ፣ እኔ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው የምፈልገው» አለችና ስዋርትሞር፣ ካርልተን፣ ማካሌስተር፣ ግሪኔል ብላ ደረደረችልኝ። አንዱንም ሰምቼው አላውቅም። አባቷ መሪውን እንደያዘ «አርት? ሥዕል ልትማሪ?» አለ። እኔ ደግሞ፣ አትሳቁብኝና፣ ዩኒቨርሲቲ ትቶ ኮሌጅ መግባት ዝቅ ማለት መሰለኝ። ዘመድ ሲጠይቀኝስ ምን እላለሁ?

ማታ ዋጋውን ፈልጌ አየሁ። ከነዶርሙ ከነምግቡ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ! ስልኬን ደፍቼ ተኛሁ። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ አባቷ ሹፌር ነው፣ ከሷ በታች ወንድሟ አለ፣ እናቴን ደግሞ አገር ቤት በየወሩ የምረዳት እኔ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ልጅ የላካችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። የትኛው እንደሚሆናትስ በምን ይታወቃል?

ሁለት አስመረቅኩ፦

እህቴ፣ አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺ ደንግጬ ነበር። አርት የሚለውን ቃል እርሺው። ልጅቷ ባዮሎጂም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም፣ ኢኮኖሚክስም ማጥናት ትችላለች፤ ከጎኑ ታሪክም ፍልስፍናም ትማራለች፣ ሜጀሯን (ዋና የትምህርት ዘርፏን) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የምትወስነው። ኢንጂነሪንግ ካላችሁ ስዋርትሞር የራሱ አለው። ነርሲንግ ከሆነ ግን ከአራቱ አንዱም ጋ የለም፣ ያንን አሁኑኑ ጠይቂያት።

«ኮሌጅ» ሲባል የምንደነግጠው አገር ቤት የለመድነውን ይዘን ስለመጣን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጀመር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር እኮ። እዚህ ልዩነቱ ደረጃ አይደለም። እነዚህ ቤቶች የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚያስተምራት ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው፣ ፈተናዋንም የሚያርመው እሱ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ረዳት ሲፈልግም የሚጠራው እንደሷ ያለውን ተማሪ ነው። ሴት ልጄ ሕክምና ትምህርት ቤት ስታመለክት ደብዳቤ የጻፉላት ሰዎች ቤታቸው ጋብዘው ራት ያበሏት ናቸው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የተለጠፈው ቁጥር ያንቺ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል፣ ከእርዳታው በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት ማስያ አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው። ታክስ ያሠራችሁበትን ወረቀት ይዘሽ ቁጭ በይና የአራቱንም ሙዪ። አራቱም ከተቀበሏት፣ በነሱ ስሌት ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን እንሸፍናለን የሚሉ ናቸው። «በነሱ ስሌት» የምትለዋን ልብ በይ። ስዋርትሞርና ግሪኔል የሚሰጡት እርዳታ ውስጥ ብድር አይከቱም።

ከፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርም) ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል የእርዳታ ፎርም አለ። ይሄኛው ነዝናዛ ነው። ፋፍሳ የምትኖሪበትን ቤት ዋጋ አይጠይቅሽም፣ እሱ ይጠይቅሻል። ግን የተለየ ሁኔታ ካላችሁ አስረዱ የሚል ቦታም አለው። ለእናትሽ የምትልኪውን እዚያ ጻፊ፣ የላክሽበትንም ደረሰኝ አትጣዪ። ይቀንሱልሻል ብዬ ቃል አልገባም፤ እኔ ጽፌ አንደኛው ኮሌጅ ቆጥሮልኛል፣ ሌላው ዝም ብሎኛል።

የሚኒሶታ አባት፦

ስለ ሁለቱ የኛ ሰፈር ኮሌጆች ልናገር። ማካሌስተር ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ነው። ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቁበት ነው፤ ዘመድ ሲጠይቅሽ ይህችን ብቻ በያቸው፣ ይበቃል። እዚህ ሐበሻ ሞልቷል፣ እንጀራም ቤተ ክርስቲያንም ሩቅ አይደለም። ጾም ሲመጣ ካፌያቸው ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ ስላለው ልጅቷ አትቸገርም።

ካርልተን ግን ሌላ ዓለም ነው። ከሚኒያፖሊስ ከ40 ማይል በላይ ወደ ደቡብ፣ ኖርዝፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሴንት ኦላፍ የሚባል ሌላ ኮሌጅም እዚያው ከተማ አለ። ነርሲንግ ያለው ደግሞ ሴንት ኦላፍ ነው፣ ልጅሽ ሐሳቧን ከቀየረች እንዳትረሺው። ካርልተን ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱ ተርም አሥር ሳምንት ነው፣ በአንዴ ሦስት ኮርስ ብቻ ይወስዳሉ። ለአንዳንድ ልጅ ግሩም ነው። ቶሎ የማይሞቅ ልጅ ግን ገና ሲለምድ ፋይናል ይደርስበታል፣ ሳምንት ከታመመ ደግሞ በቃ ሩጫ ነው። ከታንክስጊቪንግ ጀምሮ እስከ አዲሱ የፈረንጅ ዓመት ቤት ይቆያሉ፣ እናት ደስ ይላታል። ከዚያ የኛ ገና ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተመልሰው ሄደዋል!

ብርዱን አልነግርሽም። ጃንዋሪ ላይ መጥተሽ እዪው።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

ሁሉም ሲያሞግስ እኔ ደግሞ የደረሰብኝን ልናገር። ልጄ ሌላ ስቴት ተራራ ሥር ያለ ትንሽ ኮሌጅ ገባ፤ ስሙን አልጠራም። እኛ የሄድነው ሐምሌ ላይ ነበር፣ ግቢው ባዶ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ የሚያስጎበኘው ልጅ ፈገግታው አያልቅ። ወደድነው። ከዚያ ምን ሆነ? የመረጠው ሜጀር ያሉት አስተማሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንዷ ለምርምር ዓመት ወሰደችና የሚፈልገው ኮርስ ሳይሰጥ ቀረ። ጸጉሩን የሚቆርጥለት ሰው ለማግኘት አንድ ሰዓት ይነዳል። ከክፍል ጓደኛው ጋር ሲጣላ ደግሞ የሚሸሽበት የለም፤ ካፌም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ የትም ያው ሰው ነው። በዓመት ተኩሉ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ አንዳንዱን ኮርስ አልቆጠሩለትም፣ ገንዘባችንም እንደዚያው።

ትንሽ ክፍል ለዝምተኛ ልጅ ጥሩ ነው ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። ስምንት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የመናገር ተራ የሚደርሳት እሷ ናት። የሚፈታ ልጅ አለ፣ የባሰ የሚቆለፍም አለ። ደግሞ ሜጀሩ ስንት አስተማሪ እንዳለው ቁጠሩ። ካታሎግ ላይ ያለውን ሳይሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት በእርግጥ የተሰጡትን ኮርሶች ዝርዝር እዩ።

ተመራቂዋ፦

እትዬ፣ እኔ ከእንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ነው የወጣሁት፣ ዝምተኛም ነበርኩ። የቨርጂኒያው ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ መደበቂያ የለም። እኔን ያዳነኝ ሁለት ቀን ክፍል ስቀር «ደህና ነሽ ወይ?» ብላ የጻፈችልኝ ፕሮፌሰር ናት። ሦስት መቶ ሰው ያለበት አዳራሽ ውስጥ ብሆን ማን ያየኝ ነበር? ስዋርትሞር ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ በኤ በቢ አይቆጥርም፣ አለፈች ወይም አላለፈችም ብቻ ነው። ቀስ ብላ ለምትለምድ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለጉብኝት በክረምት አትሂዱ። ትምህርት ሲከፈት፣ በአዘቦት ቀን ሂዱ። አስጎብኚው ጨርሶ ሲሰናበታችሁ ነው ጉብኝቱ የሚጀምረው። ልጅዎ ፈቃድ ጠይቃ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፣ ካፌ ገብታ ብቻዋን ትብላ፣ እርስዎና አባቷ ውጭ ቡና ጠጡ። አይቆጡኝና፣ እናቴ የእኔን ጥያቄ ሁሉ እሷ ስትጠይቅልኝ ነበር፣ መሬት በተከፈተና በገባሁ አሰኝታኛለች። የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ካለ ደግሞ ልጅዎ ራሷ ትጻፍላቸው፣ ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚሠሩ ትጠይቃቸው። አርብ ከሰዓት ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ግቢ ከሆነ ከሩቅ የመጣው ልጅ ቅዳሜና እሁድን ብቻውን ነው የሚያሳልፈው።

የአውሮፕላኑ ዋጋ ካሳሰባችሁ ፍላይ ኢን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮሌጁ ትኬቱን ከፍሎ ልጁን ብቻውን ሁለት ሦስት ቀን ያሳድረዋል። ማመልከቻው ብዙ ቦታ በክረምት ነው የሚከፈተው፣ እንዳያመልጣት። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ኩዌስት ብሪጅ የሚባለውን፣ ጎበዝ ልጆችን ከኮሌጆች ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራምም ትይ። የእሱ ቀን መስከረም ላይ ያልቃል። አርሊ ዲሲዥን የሚባለውን ግን የእርዳታውን ግምት ሳታዩ እንዳትፈርሙ፣ ከተቀበሏት እገባለሁ ብላ ቃል መግባቷ ነው።

የ11ኛ ክፍል እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ካልኩሌተሩን ሞላን። የስዋርትሞሩ የወጣው ቁጥር ከሜሪላንዱ ብዙም አይርቅም! ሦስት ጊዜ ደግመን ሞላነው፣ ያው ነው። አባቷ «የሆነ ዜሮ ረስታችኋል» እያለ ነው። የአንዱን ግን ሳልነግራችሁ ይቅር።

ልጄን ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሰው ሆናችሁ መነጋገሩ አያስፈራሽም ወይ ብላት «ያስፈራኛል፣ ግን ሃይስኩል ማንም ስሜን ሳያውቅ ልጨርስ ነው» አለችኝ። ምን ይባላል። ይሄን አላውቅም ነበር።

ስዋርትሞር ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ ባቡሩም ከግቢው ፊላደልፊያ ያደርሳል አሉ። መስከረም ላይ አንድ ማክሰኞ ሁለታችንም ከሥራ ልንቀር ነው። እኔና እሱ ቡና ቤት፣ እሷ ክፍል። አዮዋ ያለውን ግሪኔልን ካርታ ላይ ለአባቷ ሳሳየው ግን «ይሄ እኮ በቆሎ ብቻ ነው!» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። አዮዋ ልጅ የላከ ሰው ካለ እባካችሁ ብቅ በሉ።